«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት ዲስኩን እንለካው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ኮምፒውተር ለሚገዙ ሰዎች የሰጣችሁትን ምክር አነበብኩት። ብዙው ጥሩ ነው። ራሙን እዩ፣ ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ጠይቁ፣ ቻርጀሩ የራሱ መሆኑን አረጋግጡ ብላችኋል፤ እሰየው። ዲስኩ ላይ ስትደርሱ ግን ነገር አበላሻችሁ። «አንድ ትልቅ ፊልም ኮፒ አድርጉና ሰዓት ያዙ፤ ቶሎ ካለቀ ዲስኩ ፈጣን ነው» የሚለው ምክር ሰው ያስሸውዳል። ይህንን ይዞ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የገባ ሰው ምን ገዝቶ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ትንሽ ቆይቶ «ላፕቶፔ ይንቀራፈፋል፣ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ከዚራ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ።

ነገሩ የላፕቶፕ ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ግን በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት «ሲስተም የለም፣ ኔትወርክ የለም» እየተባልን ቆመን የምንውለው አንዳንዴ በኔትወርክ ሳይሆን በዲስክ ምክንያት ነው። የሚለካው ስለሌለ ግን ጥፋቱ ሁሌ ለኔትወርክ ይሰጣል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነውና ታገሱኝ።

በፊልሙ ልጀምር። ፊልም ስትገለብጡ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ወዲያው ዲስኩ ላይ አይጽፍም። መጀመሪያ ራም ላይ (መብራት ሲጠፋ የሚረሳው ፈጣኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ) ይይዘዋል፣ «ጨርሻለሁ» ይላችኋል፣ ከዚያ ከጀርባ ቀስ እያለ ወደ ዲስክ ያወርደዋል። ሊኑክስም ዊንዶውስም እንዲህ ያደርጋሉ። ተንኮል አይደለም፤ ሥራ እንዲፈጥን ተብሎ የተሠራ ነው። ለሚለካ ሰው ግን ወጥመድ ነው። 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ 1 ጊጋ ፋይል ብትገለብጡ የለካችሁት በአብዛኛው ራሙን ነው። ያንኑ ፋይል ሁለተኛ ብታነቡትማ ዲስኩ ጭራሽ ላይነካ ይችላል፤ ፋይሉ ራም ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቃችሁ ነው።

ሊኑክስ የሚነካኩ ልጆች ደግሞ ዲዲ በሚባለው የድሮ ትዕዛዝ ዜሮ ያስጽፉና «አቦ በሰከንድ 2 ጊጋ ባይት ጻፈ!» እያሉ ይመጣሉ። ዲስኩን ሳየው ሳታ በሚባለው ማገናኛ የሚሠራ ነው። የሳታ ሦስተኛው ትውልድ መስመር በሰከንድ 6 ጊጋ ቢት ነው የሚያሳልፈው (ቢት የባይት ስምንተኛ ነው)፣ በተግባር ወደ 550 ሜጋ ባይት ገደማ። ታዲያ 2 ጊጋ ባይቱ ከየት መጣ? ከራም ነው የመጣው። ዲዲ መጨረሻ ላይ ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ አውርዶ እንዲጨርስ፣ ወይም ራሙን ዘሎ በቀጥታ እንዲጽፍ የሚያደርጉ አማራጮች አሉት። እነሱ ካልተጨመሩ የሚያወጣው ቁጥር ለጉራ ካልሆነ ለምንም አይረባም።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይበልጣል። ፊልም አንድ ረጅም ፋይል ነው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተያይዞ ይነበባል። ኮምፒውተራችን ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ግን ይህን አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሳ፣ ብሮውዘር ሲከፈት፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩ የአንድ ደንበኛን መዝገብ ሲፈልግ፣ ከዲስኩ የሚጠየቀው እዚህም እዚያም የተበታተነ ትንሽ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ 4 ኪሎ ባይት፣ 4 ኪሎ ባይት። አንድ አይሱዙ ሙሉ ሽንኩርት ከመጋዘን ወደ መጋዘን ማድረስና ያንኑ ሽንኩርት ሐረር ጁገል ውስጥ በየጠባቡ መንገድ እየዞሩ ለየቤቱ አንድ አንድ ኪሎ ማደል አንድ ሥራ አይደለም። እናንተ ያስለካችሁት የአይሱዙውን ነው።

ሒሳቡን እንሥራው፣ ከባድ አይደለም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 120 ዙር ይዞራል። አንዱ ዙር 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለ፣ 4.2 ሚሊ ሰከንድ። ማንበቢያው ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድ ሌላ 9 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ተደምሮ 13 ያህል ነው። እንግዲህ ይህ ዲስክ ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ሲመጡለት በሰከንድ ቢመልስ ቢመልስ 75 ገደማ ነው። 75 ጊዜ 4 ኪሎ ባይት 300 ኪሎ ባይት ይሆናል። ሜጋ አላልኩም፣ ኪሎ ነው። ያው ዲስክ ፊልም ሲገለብጥ በሰከንድ ከ100 ሜጋ ባይት በላይ ይሄዳል። ከ300 እጥፍ በላይ ልዩነት፣ በአንድ ዲስክ ላይ! የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዙሩ 5,400 ስለሆነ ከዚህም ይብሳል።

ይህንን የሚለካ መሣሪያ አለ። ነጻ ነው። ፊዮ ይባላል፤ ፍለጋ ላይ ኤፍ፣ አይ፣ ኦ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት። የሠራው የንስ አክስቦ የሚባል ዴንማርካዊ ነው። የሊኑክስን የዲስክ ክፍል ለብዙ ዓመት የያዘ ሰው ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ ውስጥ የገባው አይኦ ዩሪንግ፣ ፕሮግራሞች ዲስክን ቶሎ የሚጠይቁበት መንገድ፣ እሱም የሱ ሥራ ነው። ፊዮን የጻፈው አንድ ነገር መፈተሽ በፈለገ ቁጥር አዲስ ፕሮግራም መጻፍ ስለታከተው ነው። መስኮት የለውም፣ ቀለም የለውም፣ የሚሽከረከር መርፌም የለውም። ተርሚናል ከፍታችሁ ትዕዛዝ ትጽፋላችሁ፣ ቁጥር ያወጣላችኋል፣ አለቀ። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ በአንድ መስመር ይጫናል። ለዊንዶውስም አለ። ዊንዶውስ ላይ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ማይክሮሶፍት ያወጣው ዲስክስፒዲ የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ክሪስታል ዲስክ ማርክም ከሥሩ የሚጠቀመው እሱኑ ነው።

ፊዮ ላይ የምወደው፣ ምን ዓይነት ሥራ አስመስሎ እንዲለካ የምትነግሩት እናንተ መሆናችሁ ነው። ንባብ ይሁን ጽሑፍ፣ ተያይዞ ይሁን ተበታትኖ፣ ቁራጩ ስንት ኪሎ ባይት ይሁን፣ በአንድ ጊዜ ስንት ጥያቄ ይሰለፍ፣ ለስንት ደቂቃ ይቆይ፣ ሁሉም የራሱ አማራጭ አለው። ከሁሉም የማይቀረው ዳይሬክት የሚለው ነው። እሱን አንድ ካደረጋችሁት የኮምፒውተሩን ራም ዘሎ ዲስኩን ራሱን ይጠይቃል። ያን ከረሳችሁ ተመልሳችሁ ፊልም ገልባጭ ሆናችሁ ማለት ነው። እኔ ማንኛውንም ላፕቶፕ ስቀበል የማስኬደው ቀላል ነው፤ ተበታትኖ ንባብ፣ 4 ኪሎ ባይት፣ ወረፋ 1፣ ዳይሬክት 1፣ አንድ ደቂቃ። ፋይሉን መጀመሪያ ራሱ ስለሚያዘጋጅ ትንሽ ያስጠብቃል፤ ተበላሸ ብላችሁ እንዳታቋርጡት።

ውጤቱ ሲወጣ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ መዓት መስመር ነው። አትደንግጡ። ከላይ «ሪድ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። እዚያ አይኦፕስ የሚለው በሰከንድ ስንት ጥያቄ እንደመለሰ ነው። ቀጥሎ ቢደብሊው የሚለው በሰከንድ ያሳለፈው መጠን ነው። ወረድ ስትሉ ላት የሚሉ መስመሮች ታያላችሁ፤ አንድ ጥያቄ እስኪመለስ የቆየው ጊዜ ነው። እዚህ ጋ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ፊዮ የጊዜውን መለኪያ እንደ ፍጥነቱ ራሱ ይቀያይረዋል። አንዱ ዲስክ ላይ በማይክሮ ሰከንድ ይጽፋል፣ ሌላው ላይ በሚሊ ሰከንድ። አንድ ልጅ «ይሄኛው 120፣ ያኛው 13፤ ያኛው ይፈጥናል» ብሎ ተከራክሮኛል። 120ው ማይክሮ ነበር፣ 13ቱ ሚሊ። 13 ሚሊ ሰከንድ 13,000 ማይክሮ ሰከንድ ነው። በቅንፍ ውስጥ ያለውን መለኪያ ሳታዩ ቁጥሩን እንዳታነቡ።

ከዚያ ሥር ፐርሰንታይል የሚል ሠንጠረዥ አለ። እኔ ከሁሉም በፊት ዓይኔ የሚሄደው እዚያ ነው። 99 ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር፣ ከመቶው ጥያቄ 99ኙ በዚህ ጊዜ ውስጥ ተመልሰዋል ማለቱ ነው። አማካዩ ቆንጆ ሆኖ ይሄ ቁጥር ግን ሰማይ የነካ ዲስክ ሞልቷል። ኮምፒውተር ሲጠቀሙ «ጥሩ ይሄድና ድንገት ድርቅ ይላል» የምትሉት እሱ ነው። አማካይ አያሳየውም።

ስለ ካርቶኑም ልናገር። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት፣ ካርቶኑ ላይ «እስከ 90,000 አይኦፕስ» ይላል። ውሸት አይደለም፣ ግን «እስከ» የምትለዋን ልብ በሉ። ያ ቁጥር የሚገኘው 32 ጥያቄ በአንዴ ተሰልፎ ሲጠብቅ ነው። የኔና የእናንተ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ጥያቄ ነው የሚያሰልፈው። ወረፋውን 1 አድርጋችሁ ስትለኩት ደህና የሳታ ኤስኤስዲ ከ8,000 እስከ 10,000 አካባቢ ይመልሳል። ከሃርድ ዲስኩ 75 ጋር ሲተያይ አሁንም ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ «አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኤስኤስዲ አስገቡ» ያላችሁት ምክር ልክ ነው፤ እሱ ላይ አልጣላችሁም።

አሁን ወደ «ኔትወርክ የለም» ልምጣ።

አንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ ስሙ ይቅር። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ነው። ሰው ፀሐይ ሳይበረታ ልጨርስ ብሎ በጠዋት ይመጣል፣ ድሬ ላይ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ልክ ሥራው ሲደምቅ ሲስተሙ ይቆማል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ኔትወርክ የለም፣ ጠብቁ» ትላለች። እሷም የተነገራትን ነው የምትለው። ኃላፊው ኬብል አስቀይሯል፣ ስዊች አስቀይሯል፣ ምንም ለውጥ የለም። ተጠርቼ ስሄድ መጀመሪያ ከልጅቷ ኮምፒውተር ሰርቨሩን፣ የሁሉንም መዝገብ የያዘውን ዋናውን ኮምፒውተር፣ ፒንግ አደረግኩት፤ በኔትወርኩ «አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ይመልሳል። ኔትወርኩ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው መልሱን የሚያዘጋጀው ሰርቨር ጋ ነው ማለት ነው።

ሰርቨር ያልኩት ለክብሩ ነው እንጂ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ተራ ዴስክቶፕ ነው፣ ሊኑክስ የተጫነበት፣ አንድ የሚሽከረከር ዲስክ ያለው። እዚያ ላይ ፊዮ አልጀመርኩም። ሰው እየሠራበት ባለ ማሽን ላይ ፊዮ መጀመር የቆመውን ጭራሽ መግደል ነው። ሥራ ላይ ላለ ማሽን አይኦስታት የሚባል ሌላ ትዕዛዝ አለ፤ ሲስስታት በሚባለው ጥቅል ውስጥ ይመጣል። እሱ ዲስኩን አይነካውም፣ ምን እየሆነ እንዳለ በየሰከንዱ ይነግራችኋል፣ በቃ። የጽሑፍ መጠበቂያው ጊዜ በመቶዎች ሚሊ ሰከንድ ነው። ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዟል። አንድ ፕሮግራም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ነው።

ማነው ብዬ ስፈልግ ባክአፑ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ ጠዋት በሥራ ሰዓት! ነገሩ እንዲህ ነው። ሲስተሙን መጀመሪያ የተከለው ልጅ «ባክአፑ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይሁን» ተብሎ ነበር። እሱም 9 ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያስበው። የኮምፒውተሩ 9 ለኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ሰልፉ በር ላይ የሚደርስበት ሰዓት። 3 መሆን ነበረበት። በዚህች አንዲት ቁጥር የተነሳ ስንቱ ሰው ፀሐይ ላይ ቆመ፣ ስንቱ ኬብል ተቀየረ።

ባክአፑን ወደ ሌሊቱ መለስነው። ግን እዚያ ላይ ብቆም ግማሽ ሥራ ነበር። ማታ ሰው ሁሉ ሲወጣ ፊዮን አስነሳሁት። አሁን ግን ንባብ ሳይሆን ዳታቤዝ የሚያደርገውን አስመስዬ ነው። ዳታቤዝ ብር ገባ ወይም ወጣ ብሎ ሲመዘግብ ራም ላይ አስቀምጦ «ጨርሻለሁ» አይልም። መብራት ቢጠፋ ገንዘቡ ይጠፋላ! ስለዚህ ዲስኩን «በትክክል ጻፍከው?» ብሎ ይጠይቃል፣ «አዎ» እስኪባል ይጠብቃል። ኤፍሲንክ ይሉታል። ፊዮ ላይም ያው ስም ያለው አማራጭ አለ፤ አንድ ካደረጋችሁት ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በኋላ ይህንን ማረጋገጫ ይጠብቃል። ያ ዲስክ በዚህ ሲለካ በሰከንድ ጥቂት አሥሮች ብቻ ነው የመለሰው። አንድ ክፍያ ብዙ ጽሑፍ አለው፣ መስኮቶቹ ደግሞ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም የሚጽፉት አንድ ዲስክ ላይ ነው። ባክአፕ ባይኖርም በጭንቅ ነበር የሚሠራው።

ዲስኩ በኤስኤስዲ ተተካ። ሰልፉ ጠፋ አልልም፤ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው። ዲስኩ ግን ሰበብ መሆኑ ቀረ።

እዚህ ላይ ለመሥሪያ ቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። ኤስኤስዲ ሁሉ አንድ አይደለም። ለሰርቨር የሚሠሩት መብራት ድንገት ሲጠፋ ለጥቂት ቅጽበት የሚያቆያቸው ካፓሲተር በውስጣቸው አለ። ስለዚህ ኤፍሲንክ ሲባሉ ሳይፈሩ ቶሎ «አዎ» ይላሉ። የቤት ኤስኤስዲ ያ ብዙ ጊዜ የለውም። በተራ ንባብ ሁለቱን ብትለኩ ልዩነታቸው ላይታይ ይችላል፤ በኤፍሲንክ ስትለኩ ግን የሰማይና የምድር ይሆናል። መብራት እንዳሻው በሚመጣበትና በሚሄድበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላው የኛ ከተማ ጉዳይ ሙቀቱ ነው። ኤንቪኤምኢ የሚባሉት ትንንሾቹ ፈጣን ዲስኮች ሲሠሩ ይግላሉ፤ በጣም ሲግሉ ራሳቸውን ላለማቃጠል ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ሐረር ላይ፣ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ በቀዝቃዛ አየር የተለካ ላፕቶፕ ግንቦት ላይ ድሬ ሲወርድ ያንኑ ቁጥር ላይሰጥ ይችላል፤ በተለይ ፋኑ አቧራ የጠጣ ከሆነ። አንድ ደቂቃ ብቻ ከለካችሁ ይህን አታዩትም። አሥር ደቂቃ አስሩጡት። ርካሽ ኤስኤስዲዎች ላይ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። መጀመሪያ የሚጻፈውን የሚቀበሉበት ትንሽ ፈጣን ክፍል አላቸው፣ እሱ እስኪሞላ ይበራሉ፣ ሲሞላ ግን ፍጥነቱ ዱብ ይላል፤ አንዳንዱማ ከድሮው ሃርድ ዲስክም በታች ይወርዳል። የናንተ ፊልም ደግሞ ሳይሞላው ያልቃል። ሻጩም ይህን ያውቃል።

ለገበያተኛው የሚሆን ምክር ከፈለጋችሁ ይኸው። ኡቡንቱ የተጫነበትና ፊዮ ያለበት ፍላሽ ያዙ። ላፕቶፑን በፍላሹ አስነሱ። ፊዮ ሪድኦንሊ የሚል አማራጭ አለው፤ እሱ ካለ ምንም እንዲጽፍ አይፈቅድለትም፤ የመፈተሻ ፋይልም ስለማያዘጋጅ የላፕቶፑ ዲስክ የራሱ ስም ተሰጥቶት ነው የሚነበበው። ሻጩ «ዕቃዬን ታበላሽብኛለህ» ካለ ይህን አሳዩት። አብሮም ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የራሱን መዝገብ እዩ፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል። «ስላሽ ነው፣ ብዙም አልተነካም» የተባለ ላፕቶፕ ዲስኩ ዓመታት ሲሠራ የከረመ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አብዛኛው የታይዋን ነጋዴ ታማኝ ነው፤ ሲለካ አይከፋውም፣ እንዲያውም ተሰብስበው ያያሉ። ለመለካት አሻፈረኝ ካለ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሩቅ አይደለም።

ፍላሽ ራሱ ላይ ግን ፊዮን አታድክሙት። «1 ቴራ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ፍላሽ ችግሩ ፍጥነት አይደለም፤ ቴራውም ውሸት ነው። ውስጡ ጥቂት ጊጋ ብቻ አለው፣ የቀረውን የሚቀበል ይመስልና ይጥለዋል። ለሱ ኤፍስሪ የሚባል ሌላ ነጻ መሣሪያ አለ፤ ሞልቶ ይጽፍበታል፣ መልሶ ያነበዋል፣ የጠፋውን ይነግራችኋል። የሠርግ ፎቷቸውን እንዲህ ዓይነት ፍላሽ ላይ አስቀምጠው የመጡ ሰዎች ገጥመውኛል። ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ፎቶው መጀመሪያውኑ አልተጻፈማ።

አሁን ዋናው ጥያቄዬ። ጋዜጣችሁ ላይ የጨረታ ማስታወቂያ በየሳምንቱ ይወጣል። የኮምፒውተር ዕቃ ግዢ ሲሆን ዝርዝሩ ላይ ስለ ዲስክ የሚጻፈው «ኤስኤስዲ፣ 512 ጊጋ» ብቻ ነው። አሸናፊው በዚህ ዝርዝር ገበያ ላይ ያለውን ርካሹን ቢያቀርብ ምን ይባላል? ኤስኤስዲ ነው፣ 512 ጊጋ ነው፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱም ካርቶን ቆጥሮ ይረከባል። ሕግ አልጣሰም። ፊዮ ግን ትዕዛዙን በአንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል መያዝ ይችላል፤ ጆብ ፋይል ይሉታል። ያንን ፋይል የያዘ ማንም ሰው በዚያው ዓይነት ማሽን ላይ አዲስ አበባም ይሁን ጅጅጋ ያንኑ ልኬት ይለካል። ታዲያ ጨረታ አውጪው «በዚህ ጆብ ፋይል ለአሥር ደቂቃ ሲለካ አይኦፕሱ ከዚህ እንዳይወርድ፣ 99ኛው ፐርሰንታይል ከዚህ እንዳይበልጥ» ብሎ ከሰነዱ ጋር ቢያያይዝ ምን ይከብዳል? ተጫራቹም ከማቅረቡ በፊት ራሱ ይለካል። ተረካቢውም ከመፈረሙ በፊት አንድ ሁለቱን አንስቶ ይለካል። ብር አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሚለካ ሰው ነው፤ እሱም ከዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ የሚመረቁ ልጆች አሉን፣ ሥራ ፍለጋ ከተማውን የሚዞሩ።

«ይሄ ለባለሙያ ነው፣ ለተራ አንባቢ ይከብዳል» ልትሉ ትችላላችሁ። አይከብድም። መኪና የሚገዛ ሰው ሞተር መፍታት ባይችልም አስነስቶ ሳይሰማ ብር አይቆጥርም። እኔ ጋ የሚመጡት የሱቅ ባለቤቶች ውጤቱን አንዴ ካሳየኋቸው በኋላ ራሳቸው «99ኙ ስንት ሆነ?» ብለው ይጠይቁኛል።

ስለዚህ ዓምዱን የሚያዘጋጀው ወንድማችን ወይም እህታችን የፊልሙን ምክር በሚቀጥለው እትም እንዲያርሙልን እጠይቃለሁ። የምጠቀምበትን ጆብ ፋይል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለብቻው ልኬላችኋለሁ። አሥር መስመር አይሞላም፤ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ብታስገቡት ይበቃዋል። በእንግሊዝኛ ፊደሉ እንዳለ አትሙት፣ አንድ ፊደል ከተሳሳተ አይሠራም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ከሥሩ በደማቁ ጻፉልኝ። ፋይል ስም የሚለው መስመር ላይ እኔ የጻፍኩት የተራ ፋይል ስም ነው። አንድ ሰው እሱን አንስቶ የዲስኩን የራሱን ስም ቢያስገባና ሪድኦንሊውን አጥፍቶ የጽሑፍ ልኬት ቢያስጀምር፣ ፊዮ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው፤ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ እየደመሰሰ ይጽፍበታል። ያንን ደግሞ እኔም አልመልስለትም።

አክባሪያችሁ
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ